ዳሪል የሰረቀው ሕመም

የአጎቴ ልጅ ዳሪል እብድ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ መንግሥት ነው። በየወሩ ቼክ እየላከ እብድ ነህ ይለዋል፣ እሱም አሜን ብሎ ይቀበላል። ባለፈው ሐሙስ ይኸው እብድ ሰውዬ ጀልባውን ብቻውን መኪናው ላይ ጭኖ፣ እያፏጨ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ መንገድ ላይ አገኘሁት። እጁን አውጥቶ ሰላም አለኝ። በመስኮቱ ምራቄን ጢቅ አልኩ። ሴት ልጅ አትተፋም ትል ነበር እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና። እናቴ ዳሪልን በደንብ አላወቀችውም።

እኔ ግሌና ስታምፐር እባላለሁ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። አፏ ክፉ ነው ይሉኛል፣ ይበሉ። እዚህ እኛ ሶርዉድ ሸለቆ ውስጥ ከሰሉ አልቆ ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ወዲህ ግማሹ ሰው የሚኖረው በአበል ነው። አበል መቀበል ነውር አይደለም። ወገቡ የተሰበረ፣ ሳንባው በከሰል ብናኝ የተደፈነ፣ ጭንቅላቱ የታመመ ሰው ይቀበል፣ ሀቁ ነው! ጉልበቱን ለኬንታኪ ተራራ ገብሮ የለም እንዴ? እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሎይድ ከሰል ቆፋሪ ነበር። የጉድጓዱ ጣሪያ ሲደረመስ ሎይድ በመውጫው በኩል ቀረ፣ ጓደኞቹ ሆባርት፣ ክላይድና ሪኪ በውስጥ በኩል ቀሩ። ከሰል ቆፋሪ መውጫ ሲዘጋበት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። መዶሻም ይሁን ድንጋይ፣ ያገኘውን ይዞ ጣሪያውን የደገፈውን ብረት ይመታል። ከወዲህ ያለው ሰው ጆሮውን መሬት ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፣ ከሰማ ደግሞ መልሶ ይመታል። ሰምቼሃለሁ፣ በርታ ማለት ነው። የሰማ ሰው ሳይመልስ አይሄድም። እዚህ ሸለቆ የተወለደ ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው።

ሎይድ ሰማ፣ መለሰም። ኩባንያው ቀሪው ጣሪያም ሊናድ ነው ብሎ ፍለጋውን ሲያቆም ወንድሜን እየጎተቱ ነው ያወጡት። ከውስጥ ገና እየመቱ ነበር ይላል። መምታታቸው እውነት ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ ይሰማቸዋል።

በር ሲንኳኳ፣ ቧንቧ ሲጮህ፣ ብቻ አንድ ነገር ኳ ካለ ሎይድ የትም ይሁን የት መሬት ላይ ይደፋል። ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፣ ከዚያ በጣቱ አጥንት መልሶ ይመታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በስብከት መሀል ተደፍቷል። ገበያ አዳራሹ ውስጥ የቲማቲሙ መደርደሪያ ሥር ተደፍቶ ሰው በላዩ ላይ ተራምዶ አልፏል። መድኃኒቱን ሲወስድ ተደፍቶ፣ መልሶ፣ ልብሱን አራግፎ ይነሳል። ቦሎቄውን ይቀቅላል፣ ዶሮዎቹን ይመግባል፣ በእኔ ያሾፋል። መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ግን ሊያወጣቸው መቆፈር ይጀምራል። አንድ ክረምት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በበረዶ የደረቀውን መሬት በባዶ እጁ ሲቆፍር አገኙት፣ ሁለት ጣቶቹን ብርዱ ወሰዳቸው።

መድኃኒቱን በነፃ ይሰጠን የነበረው ክሊኒክ ሊዘጋ ነው ተባለ። ያኔ የመንግሥት የሕክምና ካርድ የሚገኘው ከአበሉ ጋር ነበር። አበል ከሌለ ካርድ የለም፣ ካርድ ከሌለ መድኃኒት የለም፣ መድኃኒት ከሌለ ወንድም የለኝም። ነገሩ ይኸው ነው። ሎይድን እሺ ለማሰኘት ግን ስንት ለመንኩት መሰላችሁ!

"እትዬ፣ ሁለት እጅ እያለኝ ልለምን?" ይለኛል።

"ጣቶቹ ግን ስምንት ናቸው" አልኩት።

ሳቀ። በሳቁ ላይ አስፈረምኩት።

ዳሪል ወሬውን ሰምቶ መጣ። ዳሪል ጉድጓድ ገብቶ አያውቅም፣ ጎማ ነበር የሚጠግነው። ቀደም ሲል የጎማ ቤቱ ሲዘጋበት ሥራ ፈትቶ እኛ በረንዳ ላይ ሲጎለት ይውል ነበር። የበቆሎ ዳቦና ቅቤ አቀርብለታለሁ፣ ይበላል፣ ሎይድን ያያል። ሎይድ ሲደፋ አብሮ ብድግ ብሎ ያያል፣ ምን ሰማህ እያለ ይጠይቀዋል። ደግ ሆነ፣ አዘነለት ብለን ነበር። ከዚያ መምጣቱን ተወ፣ ጥቂት ቆይቶ ጭንቅላቴን ታምሜያለሁ ብሎ አበል አገኘ። ሸለቆው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ስቄያለሁ። በምን አሳብቦ እንዳገኘው የጠየቀ የለም። ዘንድሮ ማነው ጎረቤቱን በምን በላህ ብሎ የሚጠይቅ?

"ግሌና፣ ስሚኝማ" አለኝ ዳሪል፣ ደረጃው ላይ እግሩን ሰቅሎ። "ዳኛው ፊት ሲሄድ ጢሙን እንዳይላጭ። ልብሱንም አይቀይር። ሲጠይቁት ቶሎ አይመልስ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይይ።"

"አንተ ነህ የምታስተምረው?"

"ልርዳችሁ ብዬ ነዋ።"

"ወንድሜ የታመመ ሰው ነው፣ ቲያትር ሠሪ አይደለም። ሂድልኝ!"

"እሺ፣ እሺ፣ አንቺ ደግሞ ያዟት ሲሉ ይብስብሻል።" ሊሄድ ዞረና ቆመ። "አንድ ነገር ብቻ። ያ መሬት ላይ መደፋቱ... እዚያ ባያደርገው ጥሩ ነው።"

"ለምን? አሳፈረህ?"

"አይ፣ ደስ አይልም ብዬ ነው።"

"አንተ ብሎ ደግሞ አፋሪ! ዓይንህን በጨው ታጥበህ በሰው ወንድም ታፍራለህ?"

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እኔ ሞኟ በሎይድ ያፈረ ነበር የመሰለኝ።

የችሎቱ ቀን ሎይድ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጨ። የአባታችንን ሱፍ ለበሰ፣ ክራቫት አሰረ፣ ጫማውን ወለወለ። ዳኛ ፊት ተጎሳቁለህ አትቀርብም፣ በኛ ወግ ነውር ነው። ማጉረምረም ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። እንዴት ነህ ሲሉህ መልሱ ተመስገን፣ ምን ጎድሎኝ ነው። እኛ ዘንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው እንኳ አንዱ አለኝ ብሎ ነው የሚመልሰው። ይህን ወግ ስወደው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ወጉን ራሱን አንቄ ብገድለው በወደድኩ።

ዳኛው ፀጉሩ የሸበተ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

"እንቅልፍ እንዴት ነው አቶ ስታምፐር?"

"ተመስገን ጌታዬ፣ ምንም አልል።"

ምንም አልል! በረንዳው ላይ፣ ባዶ ጣውላ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ነው እኮ የሚያድረው! በክርኔ ጎሸም አደረግሁት።

"ምግብስ ይበላሉ?"

"እህቴ ታበላኛለች ጌታዬ። ባለሙያ ናት።"

"ሥራ ቢያገኙ ይሠራሉ?"

"ኧረ እንዴታ! የሚቀጥረኝ ካለ ነገውኑ።"

አፈር ስሆን አልኩ በሆዴ። በሆዴ መስሎኝ ነው እንጂ ጮክ ብዬ ኖሯል። ዳኛው ተራዬ እንደሚደርስ ነገረኝ፣ ደግነቱ አልተቆጣኝም።

ተራዬ ሲደርስ ሁሉንም ተናገርኩ። ሆባርትን፣ ክላይድን፣ ሪኪን፣ የጠፉትን ጣቶች፣ ክሊኒኩን። ሐኪሙ የጻፈልን አንዲት ገጽ ብቻ ናት፣ ሎይድ ሐኪም ቤት መሄድ አይወድም፣ ሰው አስቸግራለሁ ይላል። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ሰማኝ። ፊቱን አየሁት፣ ያዘነ ፊት ነበር። አገኘን፣ ተመስገን፣ አገኘን እያልኩ ነበር።

ይኼኔ የማሞቂያው ቧንቧ ኳ ኳ ኳ አለ።

ሎይድ ከነሱፉ ወለሉ ላይ ተደፋ። ክራቫቱ ጉንጩ ሥር ገባ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፣ ከዚያ በጣቱ አጥንት ወለሉን መታ፣ መታ፣ መታ። "ሰምቼሃለሁ ሆባርት" አለ ቀስ ብሎ። እኔ ልቤ ተሰበረ፣ ግን እውነቱን ልናገር፣ ደስም አለኝ። እንኳን አየልኝ፣ አሁን ራሱ አየ ብዬ ወደ ዳኛው ዞርኩ።

የዳኛው ፊት የሸተተ ሥጋ ፊቱ እንደ ቀረበለት ሰው ተኮማትሯል።

"ይበቃል" አለ። "ይነሱ። ከሶርዉድ ሸለቆ ናችሁ አይደል?"

"አዎ ጌታዬ" አልኩ።

"ከሸለቋችሁ መጥቶ ይህን ሲያደርግ ያየሁት አራተኛው ሰው እሳቸው ናቸው። ጆሮ ወለሉ ላይ፣ በጣት አጥንት መምታት፣ ሰምቼሃለሁ ማለት። ለመጀመሪያው እዚሁ ወንበር ላይ እንባዬ መጥቶ ነው የፈረድኩለት። ሁለተኛው ሲያደርገው ቅር አለኝ። ሦስተኛውን አስጣራሁት፣ ጉድጓድ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው።"

"ወንድሜ ግን ገብቷል! እዚያው ነበር! መዝገቡን ይዩት!"

"ከሰል መቆፈራቸውን አይቻለሁ እመቤት። ታመዋል የሚሉት ግን እርስዎ ነዎት። ራሳቸው ደህና እተኛለሁ፣ ደህና እበላለሁ፣ ነገ እሠራለሁ አሉኝ። ከዚያ ቧንቧ ሲጮህ የተማሩትን አደረጉ። ማን እንደሚያስተምራችሁ አላውቅም፣ ግን እውነተኛውን በሽተኛ የምትገድሉት እናንተ ናችሁ።"

የተማሩትን! ያኔ ነው የገባኝ። በረንዳዬ ላይ ተጎልቶ ዳቦዬን የሚበላው ሰውዬ፣ ምን ሰማህ፣ እንዴት ሰማህ የሚለው፣ እዚያ ባያደርገው ጥሩ ነው ያለኝ። ለራሱ ተጠቅሞበት አልበቃ ብሎት ለሌሎችም አካፍሏል። ዳኛውን ልጠላው ፈልጌ ነበር፣ አቃተኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፣ ደጋግመው ያሞኙት ሰው ነው። ግን ምን ዋጋ አለው? የበረየው በወንድሜ ላይ ነው።

ወደ መኪናው ስንመለስ በንዴት እያለቀስኩ ቁልፉ አልገባ አለኝ። ሎይድ ፊቱ በርቷል። ለዓመታት እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

"እትዬ፣ ሰማሽው?"

"ምኑን?"

"ሦስት ሰው አለ እኮ ዳኛው! ከኛው ሸለቆ! እነሱም ይሰማሉ ማለት ነው!"

ቁልፉን በግድ አስገባሁት።

"እኔ ደግሞ ብቻዬን መስሎኝ" አለ፣ ጭኑን እየመታ። "ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ዳሪል ነው አንዱ፣ አይደል? ለዚህ ነው ያኔ እኛ ቤት የሚውለው! ምን ሰማህ እያለ የሚጠይቀኝ! ምስኪን፣ ሊነግረኝ ፈርቶ ነው። እንሂድ እስቲ፣ እባክሽ፣ እንሂድለት።"

ልሄድ ነበር፣ ለሌላ ጉዳይ። ዳሪል በረንዳው ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ ቋሊማ በዳቦ ይበላል። ሎይድን መኪናው ውስጥ ቆየኝ ብዬ ወረድኩ።

"ለስንት ሰው አስተማርክ?"

"ምኑን?"

"እንዳትዋሸኝ፣ በመኪና ነው የምድጥህ! ዳኛው አራተኛ ነህ አለው ሎይድን!"

ዳሪል ነጣ። ለሎይድ ያዘነ መስሏችሁ እንዳይሆን።

"ስሜን ጠራ?" አለኝ።

"ምን?"

"ዳኛው። ስሜን ጠራ ወይ?"

ያን ጊዜ የተሰማኝን ጥላቻ ለጠላቴ አልመኝም። "ነገ ከኔ ጋር ሄደህ ትናገራለህ" አልኩት። "ከሎይድ ነው የቀዳሁት፣ የታመመው እሱ ነው ትላለህ።"

"አብደሻል እንዴ? ያስሩኛል እኮ! ልጆቼን ማን ሊያበላልኝ ነው?"

"የወንድሜን ስቃይ ሰርቀህ ልጅ ታሳድጋለህ?"

"ምኑን ሰረቅሁት?" አለ፣ ደግሞ እኮ ከልቡ ነው። "ምን ወሰድኩበት? ሕመሙ አሁንም እሱ ጋ አለ አይደል?"

ይህን ሲል አፉ ውስጥ ቋሊማው ይታየኛል። ላንቀው አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ፣ የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሎይድ ወርዷል። ክራቫቱን እንዳሰረ፣ እጁን ዘርግቶ እየመጣ ነው።

"ዳሪል፣ ወንድሜ፣ አትፈር" አለ። "እኔ ነኝ እኮ። ለኔ ምን ትደብቃለህ? የማንን ነው የምትሰማው? እኔ አብዝቼ የሆባርትን ነው።"

ዳሪል እኔን አየኝ።

"እውነቱን ንገረው" አልኩት። "በፈጠረህ፣ ዛሬ እንኳ እንደ ሰው እውነት ተናገር።"

ዳቦውን አስቀመጠ። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሲያስብ አየሁት፣ እንደ ነጋዴ ነው ያሰበው። ነገ የመንግሥት ሰው መጥቶ ቢጠይቅ በመጽሐፍ ቅዱስ የሚምልለት ምስክር ቆሞለታል።

"የሁሉንም" አለ። "የሁሉንም ነው የምሰማው።"

ሎይድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዳሪል እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆመ።

"ውሸታም ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ሎይድ፣ ውሸቱን ነው! ምንም አይሰማም! አንተን እያስመሰለ ነው የሚበላው!"

ሎይድ እንባውን ጠረገና በርኅራኄ አየኝ። እኔን ነው ያዘነልኝ።

"ተዪው እትዬ" አለ። "እኔንም ሰው እንዲህ ነው የሚለኝ።"

ውሳኔው በፖስታ ሲመጣ ዳኛው ያለውን ነው የሚለው፣ አበል የለም፣ አልገረመኝም። ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ግን ሎይድ ራሱ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መታየት አለበት። እሱ ደግሞ አሻፈረኝ አለ። ከክሊኒኩ የተረፈችውን መድኃኒት ምድጃው ውስጥ ሲጥላት ደረስኩበት።

"ምን እያደረግህ ነው አንተ!"

"ሁለት ሰው የሰማው ነገር ሕመም አይደለም እትዬ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው። "ሕመም የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ሲሰማው ነው። ሰዎቹ አሉ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ደንዝዤ ተቀምጬ እነሱ ሲመቱ ኖረዋል።"

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ መሬት ላይ ወድቄ እግሩን ያዝኩት። እጄን ይዞ አነሳኝና ቡና ላፍላልሽ? አለኝ። ዳሪልን ለመንግሥት ስልክ ደውዬ ከሰስኩት፣ እናጣራለን አሉኝ። ይኸው እያጣሩ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ ይህን ያለ ሰው ሶርዉድ ሸለቆ አላደረም።

አሁን ሎይድ በተዘጋው ጉድጓድ አናት ላይ፣ ኮረብታው ላይ ይቆፍራል። ጠዋት ጠዋት ሁለት አካፋ ተሸክሞ ይወጣል፣ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የዳሪል። የዳሪልን በር ያንኳኳል። ዳሪል አይወጣም፣ ሚስቱ ናት በመጋረጃው ቀዳዳ የምትመልሰው።

ዛሬ ጠዋት በረዶ ጥሏል። አውቶቡሱን ይዤ ስመጣ ከዳሪል ደጅ ሲመለስ አገኘሁት። ጓንት የለውም፣ የቀሩት ጣቶቹ ጠቁረዋል። በሩን ከፈትኩለት።

"ሎይድ፣ ግባ በናትህ። ና፣ ቤት ላድርስህ።"

"አልችልም እትዬ፣ ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል" አለኝ። ሁለቱን አካፋዎች ትከሻው ላይ አመቻቸ። "ዳሪል ታሟል አለችኝ ሚስቱ፣ ከአልጋም አልተነሳ። እሱን ደግሞ አትቀየሚው፣ የሦስቱንም ድምፅ ብቻውን መስማት ቀላል አይደለም። የሱንም ድርሻ እኔው እቆፍርለታለሁ።"